ለየታካሚው የሚስማማውን ሴንሰር መምረጥ
ስለ ፐልስ ኦክሲሜትር አጠቃቀም ለጤና ጣቢያ ሠራተኞችና ለመሣሪያ ገዥዎች የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ

በደጋው የደቡብ ወሎ ክፍል፣ በኩታበርና በአካባቢው ባሉ ጤና ጣቢያዎች የሚያገለግል ጤና መኮንን ወይም ነርስ፣ ሳል ይዞት ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሕፃን በቀረበለት ጊዜ ሁለት ነገሮችን ይመዝናል። ሕፃኑን ያለ በቂ ምክንያት ወደ ደሴ ቢልከው ቤተሰቡን ለወጪና ለእንግልት ይዳርጋል፤ መላክ ሲገባው ቢያቆየው ደግሞ ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል። ከኩታበር እስከ ደሴ ያለው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ከገጠር ቀበሌ ሕፃን ታቅፋ በእግሯ ለደረሰች እናት፣ ይልቁንም በሌሊት፣ ይህ ርቀት ቀላል አይደለም።

ይህን ውሳኔ ከሚያግዙት መሣሪያዎች አንዱ ፐልስ ኦክሲሜትር ነው። በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ምን ያህል ኦክስጅን እንደ ተሸከመ ያለ መርፌ፣ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ በመቶኛ ያሳያል። ባለሙያዎች ይህን ቁጥር በተለምዶ «ሳቹሬሽን» ይሉታል። ሀገራችንም የመሣሪያውን ጥቅም ተረድታ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የሕክምና ኦክስጅንንና ፐልስ ኦክሲሜትርን በጤና ተቋማት ለማስፋፋት ብሔራዊ ፍኖተ ካርታ አዘጋጅታለች።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ እምነት የሚጣልበት፣ ከታካሚው አካል ጋር የሚገናኘው የመሣሪያው ክፍል፣ ማለትም ሴንሰሩ፣ ለዚያ ታካሚ የሚስማማ ሲሆን ነው። ለዐዋቂ ጣት የተሠራ ሴንሰር በጨቅላ ጣት ላይ ቢደረግም ቁጥር ማሳየቱ አይቀርም፤ አስቸጋሪው ነገርም ይህ ነው። መሣሪያው ጨርሶ ዝም ቢል ባለሙያው ሌላ መንገድ ይፈልግ ነበር፤ የተሳሳተ ቁጥር ሲሰጠው ግን አምኖት ይወስናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መሣሪያው እንዴት እንደሚለካ፣ ለየትኛው ታካሚ የትኛው ሴንሰር እንደሚስማማ፣ ቁጥሩ በከፍታ ቦታ እንዴት እንደሚነበብና በግዥ ጊዜ ምን መታየት እንዳለበት በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

፩. መሣሪያው እንዴት ይለካል?

የዛሬው ፐልስ ኦክሲሜትር የተመሠረተበትን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረበው ኒሆን ኮደን በተባለው የጃፓን ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ታኩኦ አኦያጊ ነው። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው። ኦክስጅን የተሸከመ ደም ደማቅ ቀይ፣ ኦክስጅኑን የለቀቀ ደም ደግሞ ጠቆር ያለ ነው። ሴንሰሩ በአንድ ወገን ሁለት ዓይነት ብርሃን ይልካል፤ አንደኛው ቀይ፣ ሁለተኛው ኢንፍራሬድ የተባለው ለዓይን የማይታይ ብርሃን ነው። በሌላው ወገን ያለው ተቀባይ ደግሞ ከየብርሃኑ ምን ያህል እንዳለፈ ይለካል። ኦክስጅን የለቀቀ ደም ቀዩን ብርሃን አብዝቶ ይውጣል፤ ኦክስጅን የተሸከመው ደግሞ ኢንፍራሬዱን አብዝቶ ይውጣል።

ጣታችን ግን ከደም በተጨማሪ ሥጋ፣ አጥንትና ቆዳ አለው። መሣሪያው ከእነዚህ መካከል በደም ቅዳ ውስጥ ያለውን ደም የሚለየው በልብ ምት ነው። ልብ በመታ ቁጥር ወደ ጣት የሚገባው ደም ለቅጽበት ይጨምራል፤ የሚያልፈው ብርሃንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። መሣሪያው የሚያሰላው ይህን ከምት ጋር ከፍ ዝቅ የሚለውን ክፍል ብቻ ነው።

ከዚህ ሦስት ነገሮችን እንረዳለን። የመጀመሪያው፣ ብርሃን ላኪውና ተቀባዩ በትክክል ፊት ለፊት መተያየት አለባቸው። ሁለተኛው፣ ብርሃኑ በአካል ውስጥ እንጂ በአካሉ ጎን ማለፍ የለበትም። ሦስተኛው፣ ሴንሰሩ ባረፈበት ቦታ የደም ምት ሊኖር ይገባል። የሴንሰር ምርጫ ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ለማሟላት የሚደረግ ነው።

፪. ሴንሰሩ ሳይስማማ ሲቀር ምን ይፈጠራል?

ሰፊ ሴንሰር በትንሽ ጣት ላይ ሲደረግ፣ ከብርሃኑ ከፊሉ ጣቱን ሳይነካ በጎን አልፎ ወደ ተቀባዩ ይደርሳል። ይህ ከደም ያልመጣ ብርሃን ስሌቱን ያዛባል። መሣሪያው ሁለቱን ብርሃኖች በእኩል መጠን ሲለዋወጡ ካገኛቸው 85 ከመቶ የሚያህል ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ ሴንሰሩ ሳይገጥም ሲቀር፣ ወይም ታካሚው አብዝቶ ሲንቀሳቀስ፣ ንባቡ ወደ 85 ይሳባል።

የዚህ ጉዳት በሁለት ወገን ነው። እውነተኛ ሳቹሬሽኑ 95 የሆነ ጤነኛ ጨቅላ 86 ሊባል ይችላል፤ ቤተሰቡም በከንቱ ይደነግጣል፣ በጥቂቱ የሚገኘው ኦክስጅንም ለማያስፈልገው ይውላል። በአንጻሩ እውነተኛ ሳቹሬሽኑ 75 የሆነ በጽኑ የታመመ ሕፃን 83 ሊባል ይችላል፤ የሕመሙም ክብደት ተሸፍኖ ይቀራል። ስለሆነም በሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ የሚወዛወዝ ቁጥር የታየው ባለሙያ አስቀድሞ የሴንሰሩን አቀማመጥ ይመርምር። ምርመራው ግን በጽኑ ለታመመ ሕፃን የሚሰጠውን ርዳታ ማዘግየት የለበትም።

፫. ለማን የትኛው ሴንሰር?

አምራቾች ሴንሰሮችን የሚለዩት በዕድሜ ሳይሆን በአብዛኛው በታካሚው ክብደት ነው። የክብደት ወሰኑ ከአምራች አምራች ጥቂት ስለሚለያይ በማሸጊያው ላይ ያለውን ማንበብ ግዴታ ነው። በተለመደው አከፋፈል ግን፦

ሀ) የዐዋቂ ባለ መቆንጠጫ ሴንሰር፦ ክብደታቸው ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ለሆነ፣ በእጅ ጣት ላይ።
ለ) የልጆች ባለ መቆንጠጫ ወይም ተለጣፊ ሴንሰር፦ ከ10 እስከ 50 ኪሎ ግራም፣ በእጅ ጣት ላይ።
ሐ) የሕፃናት ተጠምጣሚ ወይም ተለጣፊ ሴንሰር፦ ከ3 እስከ 20 ኪሎ ግራም፣ በእግር አውራ ጣት ላይ።
መ) የጨቅላ ሕፃናት ተጠምጣሚ ሴንሰር፦ ከ3 ኪሎ ግራም በታች፣ በእግር ወይም በመዳፍ ዙሪያ።

የክብደት ወሰኖቹ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባሉ። 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በሁለቱ ወሰን ውስጥ ይገባል፤ በዚያን ጊዜ ጣቱን ዐይቶ ይበልጥ የሚገጥመውን መምረጥ ነው። አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

ዐዋቂዎች። የተለመደው ቦታ ሌባ ጣት ወይም መካከለኛው ጣት ነው። ጣቱ እስከ ሴንሰሩ ጫፍ ድረስ መግባት አለበት፤ ጥፍሩም ምልክቱ ወደሚያሳየው ወገን ይሁን። በእርሻ ሥራ የወፈረና የጠነከረ ጣት በመቆንጠጫው ውስጥ በደንብ ካልገባ፣ አስገድዶ ከመክተት ይልቅ ትንሿን ጣት መጠቀም ይሻላል። ሴንሰሩን የደም ግፊት መለኪያ በታሰረበት ክንድ ላይ ማድረግ አይገባም፤ ግፊት በተለካ ቁጥር ምቱ ይጠፋልና።

እጃቸው የቀዘቀዘ ታካሚዎች። በደጋ ሀገር ይህ የዘወትር ገጠመኝ ነው። በብርድ የመጣ አዛውንት ወይም ብዙ ደም የፈሰሳት ወላድ፣ ወደ ጣት የሚደርሰው ደማቸው አነስተኛ ነው። ብርድ ብቻ ከሆነ እጅን በጨርቅ ሸፍኖና አሙቆ እንደገና መለካት ነው። የደም ዝውውሩ ከተዳከመ ግን ወደ ልብ የቀረበ ቦታ ይመረጣል፤ ይኸውም ጉትቻ የሚንጠለጠልበት የጆሮ ጫፍ ወይም ግንባር ነው። ለእነዚህ ቦታዎች ራሳቸውን የቻሉ ሴንሰሮች አሉ። የጣቱን መቆንጠጫ በጆሮ ላይ መስካት ብርሃኑ በጎን እንዲያልፍ ስለሚያደርግ የተሳሳተ ቁጥር ያመጣል። የግንባሩ ሴንሰር የሚሠራው ብርሃኑ ከቆዳው ሥር ተንጸባርቆ ሲመለስ በመለካት ነው፤ ማሰሪያው በልክ ሊጠብቅ ይገባዋል፤ ጭንቅላቱ ዝቅ ብሎ ለተኛ ታካሚም አይመረጥም።

ከ1 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት። የሳንባ ምች ብዙ የሚያጠቃው እነዚህን ስለሆነ በጤና ጣቢያ ደረጃ እጅግ የሚያስፈልገው ሴንሰር የእነርሱ ነው። የሚያለቅስና የሚወራጭ ሕፃን ሲለካ እጁን ከመያዝ ይልቅ የእግሩን አውራ ጣት መጠቀም ይቀላል። እናቱ ታቅፋው ጡት እየጠባ ቢለካ ይረጋጋል። በመሣሪያው ላይ የሚታየው የምት ሞገድ እኩል እስኪሆን ድረስ ቁጥሩን መመዝገብ አይገባም። የልብ ምቱን በእጅ ወይም በማዳመጫ ቆጥሮ መሣሪያው ከሚያሳየው ጋር ማስተያየትም ጥሩ ማረጋገጫ ነው፤ የልብ ምቱን ያልያዘ መሣሪያ ሳቹሬሽኑን በትክክል ለክቷል ማለት አይቻልምና።

ጨቅላ ሕፃናት። በተወለዱበት ደቂቃ ሲለካ ሴንሰሩ በቀኝ እጅ መዳፍ ወይም አንጓ ላይ ይደረጋል። ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ወደ ቀኝ እጅ የሚሄደው ደም ወደ አንጎልና ወደ ልብ የሚሄደውን ይመስላል፤ በእግር የሚለካው ግን ዝቅ ሊል ይችላል። ጤነኛ ጨቅላም ቢሆን እንደ ተወለደ 95 አይደርስም፤ በ1ኛው ደቂቃ ከ60 እስከ 65፣ በ5ኛው ከ80 እስከ 85፣ በ10ኛው ከ85 እስከ 95 ከመቶ ይጠበቃል። በሌላ ጊዜ ግን ከመካከለኛው እግር ዙሪያ መጠምጠም የተለመደ ነው። ሴንሰሩ ከጠበቀ ደም ያግዳል፤ ስስ የሆነውንም ቆዳ ያቆስላል። ያለ ጊዜው ተወልዶ ኦክስጅን ለሚሰጠው ጨቅላ ደግሞ ከፍ ያለ ቁጥር ራሱ አደጋ ነው። ከ95 በላይ እንዲቆይ ከተደረገ የዓይኑ የውስጥ ክፍል ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ለእርሱ ትክክለኛ ሴንሰር መኖሩ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ለመጨመር ብቻ ሳይሆን ለመቀነስም ጭምር ነው።

በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን በየፋርማሲው የተስፋፋው በጣት ላይ የሚሰካው አነስተኛ መሣሪያ የተሠራው በአብዛኛው ለዐዋቂዎች መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ይሏል። ሴንሰሩ ከመሣሪያው ጋር አንድ ላይ ስለ ተሠራ ሊቀየር አይችልም። ለዐዋቂዎች ክፍል ይጠቅማል፤ ለሕፃናትና ለማዋለጃ ክፍል ግን በገመድ የሚገናኝ፣ ሴንሰሩ የሚለዋወጥ የእጅ መሣሪያ ያስፈልጋል።

፬. ቀለም፣ ሂና፣ ፀሐይና የከሰል ጭስ

ብርሃኑ የሚያልፈው በቆዳና በጥፍር ውስጥ ስለሆነ በመንገዱ ላይ ያለ ቀለም ሁሉ ሊያውከው ይችላል። የጥፍር ቀለም ካለ መጥረግ ወይም ሌላ ጣት መምረጥ ይገባል። በወሎ ለሠርግና ለበዓል ሂና ወይም እንሶስላ የሚሞቁ ብዙዎች ናቸው። በተለይ ጥቁር ሂና ብርሃኑን ሊያግድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ታካሚዋን ማሳፈር ወይም ቀለሙን ለመፋቅ መድከም አያስፈልግም፤ ያልተቀባ የእግር ጣት ወይም የጆሮ ሴንሰር መጠቀም ይቻላል። በመስኮት የሚገባ ኃይለኛ ፀሐይ፣ እንዲሁም ቢጫነት ለታየበት ጨቅላ የሚሰጠው የብርሃን ሕክምና ንባቡን ስለሚያውኩ ሴንሰሩን በጨርቅ መሸፈን በቂ ነው።

የቆዳ ቀለምም የራሱ ተጽዕኖ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ከመቶ ያሳየባቸውን ታካሚዎች ከደም ቅዳ በተቀዳ ደም ምርመራ አመሳክሯል። እውነተኛው መጠን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በነጮች ዘንድ 3.6 ከመቶ ሲሆን በጥቁሮች ዘንድ 11.7 ከመቶ ነበር። ለእኛ ባለሙያዎች ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ መሣሪያው 92 ወይም 93 ሲያሳይ፣ ታካሚው ግን ደረቱ እየገባ በጭንቅ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ቁጥሩን ተማምኖ መተው አይገባም።

የትኛውም የተለመደ ሴንሰር የማያስተካክለው ሌላ ነገርም አለ፤ የከሰል ጭስ ነው። በክረምትና በብርድ ወራት ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድ የሚያስከትለው መመረዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር እንዲጣበቅ ያደርጋል። መሣሪያውም ይህን ደም ኦክስጅን ከተሸከመው ለይቶ አያውቀውም። ስለዚህ ራሱን ስቶ ለመጣ ሰው 98 ሊያሳይ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚታመነው የመጣበት ሁኔታ ታሪክ ነው፤ ቁጥሩ ደኅና ቢመስልም ኦክስጅን በፍጥነት ሊሰጠው ይገባል። እንዲሁም ደም ያነሰው ሰው ሳቹሬሽኑ 97 ቢሆንም በጠቅላላው የሚሸከመው ኦክስጅን ጥቂት ነው፤ መሣሪያው የሚነግረን ያለው ሄሞግሎቢን ምን ያህል እንደ ተሞላ እንጂ ሄሞግሎቢኑ በቂ መሆኑን አይደለም።

፭. ከኮምቦልቻ እስከ ኩታበር፦ ቁጥሩ በከፍታ ላይ

የአካባቢያችን አቀማመጥ ለዚህ ትምህርት ልዩ ምሳሌ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ተጉዞ የሚደረስባት ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኩታበር ደጋማ ቀበሌዎች ደግሞ ከዚያ ይበልጣሉ። በ2,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ እስትንፋስ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፤ ጤነኛ ሰውም ዝቅ ያለ ሳቹሬሽን ሊኖረው ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ይህን ያገናዘበ ነው። እስከ 2,500 ሜትር ባለ ቦታ ለሚኖሩ ሕፃናት ሳቹሬሽን ከ90 ከመቶ ሲያንስ ኦክስጅን እንዲሰጥ ይመክራል። ከ2,500 ሜትር በላይ ግን 87 ከመቶና ከዚያ በታችን እንደ ወሰን መውሰድ እንደሚቻል ይገልጻል። እንግዲህ 88 ከመቶ የተነበበለት ሕፃን በኮምቦልቻ ያለ ጥርጥር ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ በደጋው ግን በወሰኑ ላይ ይሆናል። በዚህ ጠባብ ክልል የሁለትና የሦስት ነጥብ ልዩነት ውሳኔን ይለውጣል። መሣሪያው በትክክል ቢገጥምም እንኳ ሁለት ሦስት ነጥብ ወዲያና ወዲህ ማለቱ የታወቀ ስለሆነ፣ በማይስማማ ሴንሰር ሌላ ስሕተት መጨመር ውሳኔውን ጨርሶ ያበላሸዋል።

በሌላ በኩል ዝቅ ያለውን ቁጥር ሁሉ «ደጋ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2002 በሲንቲያ ቢል የተመራ ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አማካይ ሳቹሬሽናቸው 95.3 ከመቶ ሆኖ እንዳገኘው አሳትሟል። በዚያ ከፍታ ይህ ያልተጠበቀ ውጤት ነበር። አንድ ጥናት ለሁሉም ቦታ ደንብ አይሆንም፤ ነገር ግን ከፍታ ለሁሉ ዝቅተኛ ቁጥር ማመካኛ እንዳይሆን ያስጠነቅቃል። ተገቢው ልማድ እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ በራሱ ቦታ የጤነኛ ሕፃናትን ንባብ በትክክለኛ ሴንሰር እየለካ ማወቅ ነው። ከዚህም ሁሉ በላይ መጥባት ያልቻለ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ራሱን የሳተ ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ሕፃን፣ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን፣ አፋጣኝ ርዳታና ሪፈር ያስፈልገዋል።

፮. በግዥና በአያያዝ ጊዜ

በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ በደቡብ ወሎ የጤና ተቋማት ላይ ዝርፊያና ውድመት መድረሱ ይታወሳል። ከእንዲህ ያለ ጉዳት በኋላ መሣሪያ ከብዙ አቅጣጫ ሲሰበሰብ የተለያዩ አምራቾች ሥራዎች በአንድ ክፍል ይገናኛሉ። ሴንሰር ደግሞ ከመሣሪያ ጋር እንጂ ለብቻው አይታሰብም። የሶኬቱ ቅርጽ ስለ ገጠመ ብቻ የአንዱን አምራች ሴንሰር ከሌላው መሣሪያ ጋር ማገናኘት አደገኛ ነው። የውስጥ ሽቦው አደራደር የተለየ ሊሆን ስለሚችል የተሳሳተ ንባብ፣ አልፎ አልፎም በቆዳ ላይ ቃጠሎ ያስከትላል። ለሴንሰሩ መለዋወጫ የማይገኝለት መሣሪያ መቀበል «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ነው። ስለሆነም የግዥ ወይም የስጦታ ዝርዝር ሲዘጋጅ የሚከተሉት ይካተቱ፦

1) ጤና ጣቢያው የሚያስተናግዳቸው ታካሚዎች በክብደት ተለይተው ይታወቁ፤ «ፐልስ ኦክሲሜትር 1» ብሎ መጻፍ በቂ አይደለም።
2) ለእያንዳንዱ መሣሪያ የዐዋቂ፣ የሕፃንና የጨቅላ ሴንሰር በስም ይጠየቅ፤ ቶሎ የሚበላሸው ገመዱ ስለሆነ መጠባበቂያም ይጨመር።
3) ደጋግሞ የሚያገለግል ሴንሰር ይመረጥ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለው ተለጣፊ ዓይነት ለተላላፊ በሽታ ክፍል ይጠቅማል፤ ሲያልቅ የሚተካ ካልተገኘ ግን መሣሪያው ሥራ ይፈታል።
4) ከዚያው አምራች ሴንሰር በሀገር ውስጥ የሚያቀርብ መኖሩ ከግዥው በፊት ይረጋገጥ።
5) መብራት ለሚቆራረጥበት ቦታ በባትሪ የሚሠራ ይሁን።

በአያያዝ በኩል፣ ሴንሰሩ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ሲሄድ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ፣ ወይም አምራቹ በፈቀደው ማጽጃ ይጠረግ እንጂ ውሃ ውስጥ አይዘፈቅ። ለረጅም ጊዜ ክትትል ሲውል ባለ መቆንጠጫው ቢያንስ በየ4 ሰዓቱ፣ ተለጣፊው በየ8 ሰዓቱ ቦታ ይቀየርለት፤ የጨቅላ ቆዳ ደግሞ ከዚህ ባጠረ ጊዜ ይታይ። ገመዱ በመሣሪያው ላይ አይጠምጠም፤ ሰፋ ተደርጎ ተጠቅልሎ ይሰቀል። ብርሃኑ የማይበራ ወይም መቆንጠጫው የላላ ሴንሰር «ለጊዜው ይሁን» ተብሎ በመሳቢያ መቀመጥ የለበትም፤ በሌሊት ተረኛ እጅ ሊገባ ይችላልና።

፯. የመወያያ ጥያቄዎች

በየተቋማችሁ ያላችሁ ባለሙያዎች በሚከተሉት ላይ ብትወያዩ መልካም ነው።

1) በክፍላችን ያሉት ሴንሰሮች ለየትኛው ክብደት የተሠሩ ናቸው? 3 ኪሎ የማይሞላ ሕፃን ዛሬ ሌሊት ቢመጣ በምን እንለካዋለን?
2) 7 ኪሎ የሚመዝን፣ የሚያስለው ሕፃን በዐዋቂ መቆንጠጫ ሲለካ 84 እና 87 እየተፈራረቀ ታየ። ከመወሰናችሁ በፊት በቅድሚያ ምን ታደርጋላችሁ? ሕፃኑ መጥባት አቁሞ ቢሆንስ መልሳችሁ እንዴት ይለወጣል?
3) ተቋማችን በስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነው? በአካባቢያችን የጤነኛ ሕፃናት ንባብ ስንት ነው?

ከእነዚህ ሁሉ በቶሎ ሊፈጸም የሚችለው የመጀመሪያው ነው። ነገ ጠዋት መሳቢያውን ከፍቶ እያንዳንዱን ሴንሰር በራስ ጣት መሞከር፣ የክብደት ወሰኑን በፕላስተር ላይ ጽፎ በገመዱ ላይ መለጠፍ፣ የጎደለውንም መዝግቦ ለግዥ ክፍል ማሳወቅ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይወስድም። በሌሊት ተራው ለሚገባው ነርስ ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ትልቅ እገዛ ነው፤ በእጁ ያለው ሴንሰር ለማን እንደ ተሠራ በግልጽ ተጽፎ ያገኘዋልና።